ያኛው ነቀርሳ

ይህ የሆነው ዓምና ተጀምሮ ዘንድሮ ያለቀ ነገር ነው። ታላቅ ወንድሜ ጀማል ታሞ ሞተ። ስለ ሞቱ ብዙ የምጽፈው የለኝም። ሰው ይታመማል፤ የሚድን ይድናል፣ የማይድን ይሞታል። ከአእምሮዬ ያልወጣው አንድ ቃል ነው። እስካሁን ድረስ ያን ቃል ሰው ሲናገረው ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል።

የምንኖረው አሰላ ነው። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። እናታችን ትንሽ ሱቅ አለቻት። ቤት ውስጥ የምናወራው በኦሮምኛ ነው፤ እናታችንንም አዮ እንላታለን። አማርኛ ለሱቅ፣ ለትምህርት ቤትና ለሐኪም ነው። እናቴ አማርኛ ትሰማለች፤ ግን ፈጠን ተብሎ ሲነገር ከመሃሉ የምታውቃትን አንድ ቃል ይዛ ትቀራለች። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው በኋላ ለሆነው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

ጀማል በአዳማ መንገድ ላይ ባለችው ኢተያ፣ እህል መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። ስንዴ ይረከባል። ጫፉ የሾለ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት አለው። ገበሬ ጆንያ ሲያወርድ ብረቱን የጆንያው ሆድ ውስጥ ይሰካና ይመዘዋል። ከመሃል የመጣ ስንዴ በብረቱ ውስጥ ይወርዳል። መዳፉ ላይ ዘርግቶ ያየዋል፣ ያሸተዋል፣ አንድ ፍሬ በጥርሱ ይሰብራል። ከዚያ ይፈርዳል። ገበሬዎቹ ይሰድቡታል፤ ግን ፍርዱን ይቀበሉታል።

እብጠቱ የወጣው በአንገቱ በቀኝ በኩል ነው። አያመውም ነበር። ሻርፕ ይጠመጥምበታል። ጫኝና አውራጆቹ ግን አይተውታል።

«አንተ ጀማል፣ የሰውን ኩንታል እየመዘንክ የራስህን ሳትመዝን ትሸከማለህ?» ይሉት ነበር።

«ቀንታችሁ ነው» ይላቸዋል። «እናንተ በጀርባ፣ እኔ በአንገት።»

ጥርሱን ባመመው ሰሞን ደግሞ ሱልጣን የሚባለው ጓደኛው «ይኸው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!» ብሎ መጋዘኑን በሙሉ አሳቀው። ጀማልም ሳቀ።

ከዚያ ክብደቱ መቀነስ ጀመረ። ሌሊት ያልበዋል። ጤና ጣቢያ የሰጡት ክኒን እብጠቱን አልነካውም። አሰላ ወደሚገኝ ሐኪም ተላከ። አብሬው ሄድኩ። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ረጋ ብሎ የሚናገር። የጀማልን አንገትና ብብት ዳሰሰ።

«ከውጭ ስዳስሰው ሁለት ነገር ይመስላል» አለ። «የዕጢ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ካንሰርም ሊሆን ይችላል። በእጅ አይለይም። የአንዱ መድኃኒት ደግሞ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ባዮፕሲ እንሠራለን።»

ጀማል ባዮፕሲ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀ።

«ከዕጢው ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ማለት ነው። ሕክምና አይደለም፤ በሽታውን አያወጣም። በሽታው ማን እንደሆነ ስሙን ይነግረናል።»

ጀማል ወደ እኔ ዞሮ «ጆንያ መውጋት ነው» አለኝ። ዶክተሩ አልገባውም። እኔ ገባኝ።

ቤት ስንደርስ እናቴ አልተስማማችም። ብረት የነካው እጢ ይቆጣል፣ ይበተናል ይባላል። የእሷ አጎት ከተቀደደ በኋላ ነው የሞተው። ጀማል ይህን አስቀድሞ ዶክተሩን ጠይቆት ነበር። ዶክተሩ የመለሰለት፣ ሰው የሚመጣው በሽታው ከጸና በኋላ ነው፣ ከተነካ በኋላ ሲሞት ብረቱ ገደለው ይባላል፣ የገደለው ግን መዘግየቱ ነው ብሎ ነው። ጀማል ለእናቴ ይህን አልነገራትም። ሌላ ነገር ነው የነገራት።

«አዮ፣ ጆንያ ስለተወጋ ስንዴው ይበላሻል?»

«አይበላሽም።»

«የጆንያ አፍ ላይ ያለው ስንዴ ሁልጊዜ ጥሩ ነው። ገበሬው ሞኝ አይደለም፤ ጥሩውን ከላይ ያደርጋል። እውነቱ ያለው መሃል ነው። ሳይወጉ የገዙ ነጋዴዎች የት እንደደረሱ ታውቂያለሽ።»

«አንተ ጆንያ ነህ?»

«በዚህ አከሳሴ ባዶ ጆንያ መሆኔ አይቀርም።»

እናቴ ሳትፈልግ ሳቀች። በሳቋ ውስጥ ፈቃድ ነበረበት።

በቀጠሮው ቀን አንገቱን አደንዝዘው ከዕጢው ጥቂት ቆርጠው አወጡ። ብዙ አልቆየም። ነርሷ አንድ ብልቃጥ ሰጠችኝ። ውስጡ ዓይን የሚቆጠቁጥ ሽታ ያለው ፈሳሽ አለ። ሥጋው እንዳይበላሽ የሚያደርግ ነው አለች። በፈሳሹ ውስጥ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ነጣ ያለ ነገር ተቀምጧል። አዳማ ወዳለ ላብራቶሪ ማድረስ የእኔ ሥራ ነበር።

ብልቃጡን በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ ያዝኩት። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ማር ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። መድኃኒት ነው አልኳቸው። ኢተያ ስንደርስ መኪናው ሰው ሊጭን ቆመ። ሱልጣን መንገድ ዳር ነበር፤ በመስኮት አየኝ።

«ነስሮ! ጀማል የት ነው?»

«አሰላ ነው። ከአንገቱ እብጠት ለምርመራ አስቆረጠ።»

«ቶሎ እንዲመጣ ንገረው። ብረቱን እኔ ነኝ የያዝኩት። የሁሉንም ስንዴ አንደኛ ደረጃ እያልኩ ስለምቀበል ገበሬው ወዶኛል፤ ባለ መጋዘኑ ግን ሊያባርረኝ ነው!»

መኪናው ተነሳ። ሱልጣን እጁን አውለበለበ። ጀማል የት ነው ሲለኝ አሰላ ነው ማለቴን አሰብኩ። ከእሱ ጥቂቱ ግን ጭኔ ላይ ነበር። ሌላ የተሰማኝ ነገር የለም። ፌስታሉ እንዳይጋደል ነበር የምጠነቀቀው።

ውጤቱ መጣ ሲባል እናቴም አብራን ገባች። ዶክተሩ ወረቀቱን አነበበና ዝም አለ። ከዚያ ጀማልን ቀና ብሎ አየው።

«ከየት ነው የምትመጡት? ሩቅ ነው?» አለ።

«እዚሁ አሰላ ነን» አለ ጀማል።

«ጥሩ።» ወረቀቱን አጠፈው። «ውጤቱ የሚያሳየው የዕጢ ነቀርሳ ነው። ሕክምናው እዚህ የለም፤ አዲስ አበባ እጽፍላችኋለሁ። ሳይዘገይ መጀመር አለበት።»

እናቴ ነቀርሳ የምትለዋን ቃል ያዘች። ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ «አልሐምዱሊላህ!» አለች።

ዶክተሩ ደነገጠ። እኔም ግን ደስ ብሎኝ ነበር። በትምህርት ቤት የተማርነው፣ ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው፣ የሳንባ ነቀርሳ ማለት ቲቢ ማለት ነው። ቲቢ ወይም ካንሰር ተብለን ነበር፤ ነቀርሳ ከሆነ ቲቢ ነው። ካንሰር አላለም። ካንሰር የሚለውን ቃል በእናት ፊት ማውጣት ከብዶት እንደነበረ የገባኝ በኋላ ነው።

«ገብቷችኋል?» አለ ዶክተሩ።

ጀማል የእናቴን እጅ ያዘ። «ገብቶናል ዶክተር» አለ። እናንተ ውጡ፣ አንድ የረሳሁት ጥያቄ አለኝ ብሎ እሱ ወደ ኋላ ቀረ። ሲወጣ ሻርፑን እያስተካከለ ነበር። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም።

ቤታችን የደስታ ቤት ሆነ። ጎረቤታችን ኦቦ ሁሴን ከዓመታት በፊት የሳንባ ነቀርሳ ታመው፣ የጤና ጣቢያውን ክኒን ወራት ውጠው የዳኑ ሰው ናቸው። ዛሬ ከእኔ የበለጠ ይበላሉ። ለእናቴ ከእሳቸው የበለጠ ማስረጃ አልነበረም። ዕለቱኑ መጡ።

«እንቁላል! ወተት!» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ክኒኑን አንድ ቀን እንዳታቋርጥ። ሽንትህ እንደ ቀይ ሻይ ሲሆን አትደንግጥ፤ መድኃኒቱ ሥራ ያዘ ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ ቀን ደም መስሎኝ ለሚስቴ ተናዝዣለሁ።»

«ምን ብለው ተናዘዙ?» አለ ጀማል።

«የደበቅሁትን ጫት ቦታ ነገርኳታ! ስድን ጫቴም የለ፣ ክብሬም የለ።»

ሁላችንም ሳቅን። ኦቦ ሁሴን ወጥተው ሲሄዱ እናቴን ቀስ ብለው ኩባያውን ለዪለት አሏት። እናቴ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ የቆርቆሮ ኩባያና አንድ ሳህን ለየች። ጀማል ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ብቻ ጠጣ። የእህታችን ልጆች ሲመጡ ራሱ ራቅ ብሎ ይቀመጥ ነበር።

ዶክተሩ ሕክምናው እዚህ የለም ስላለ፣ ለነቀርሳ ለምን አዲስ አበባ ድረስ ያለ የለም። መጀመሪያ የሄደው ከሱልጣን ጋር ነው። እኔ ሱቅ ነበርኩ። ማታ ደክሞት ተመለሰ። ጠዋት ከሽንት ቤት ሲወጣ «ኦቦ ሁሴን እውነታቸውን ነው! ቀይ ሻይ!» ብሎ ጮኸ። እናቴ እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች። ኦቦ ሁሴን በአጥር ሰምተው «ነግሬያችሁ የለ!» አሉ።

እብጠቱም ጎደለ። ጸጉሩን ተላጨና ኮፍያ አደረገ። ሞቆኝ ነው አለ። አሰላ ላይ ሞቆኝ የሚል ሰው ብዙ የለም፤ እኛ ግን አልጠየቅነውም።

ከዚያ አንድ ጊዜ ሱልጣን የሚጫን እህል ነበረበትና እኔ አብሬው ሄድኩ። አዲስ አበባ ሆስፒታሉ ውስጥ ወደ አንድ ሕንፃ ገባን። ከበሩ በላይ የካንሰር ሕክምና ክፍል ይላል። ጀማል ቀድሞኝ ገባ። እኔ ጽሑፉን ሁለተኛ አነበብኩት። ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ኮፍያ ወይም ሻሽ አድርገዋል። ነርሶቹ ጀማልን በስሙ ይጠሩታል። ክንዱ ላይ መርፌ ሰኩ። ከላይ ከተሰቀለው ነገር ቀይ ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ ወረደ። ሽንቱን የሚያቀላው ይህ ነበር።

አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አሁን አወቅህ» አለኝ። «ቤት ስንደርስ ግን ነቀርሳ ነው።»

«ዋሽተሃል» አልኩት።

«አልዋሸሁም። ዶክተሩ ያለው ቃል ነው። ይህም ነቀርሳ ይባላል። ያኛውም ነቀርሳ ይባላል። ቃሉ አንድ መሆኑ የእኔ ጥፋት አይደለም።»

መቼ እንዳወቀ ጠየቅሁት።

«ሳይናገር ነው ያወቅሁት። ስንዴው ጥሩ ከሆነ ዝም አልልም፤ ዋጋ ለማስቀነስ እንከን እፈልግለታለሁ፤ አፈር አለው፣ እርጥብ ነው እላለሁ። ስንዴው የማይሆን ሲሆን ግን ገበሬውን ከየት ነው የመጣኸው እለዋለሁ። ሩቅ ነው? እለዋለሁ። ያሳዝነኛላ! ዶክተሩ ወረቀቱን አይቶ ምን እንዳለ ታስታውሳለህ?»

አስታወስኩ።

«ለአዮ ለምን አትነግራትም?»

«ካንሰር ካልኳት ዛሬውኑ ለቅሶ ትቀመጣለች። ነቀርሳ ካልኳት እንቁላል ትጠብሳለች።» ኮፍያውን አስተካከለ። «እኔ የተጠበሰ እንቁላል እወዳለሁ። ስድን እነግራታለሁ። እስከዚያ አንተም እንዳትናገር።»

እሺ አልኩት። ካልዳነስ አላልኩትም። እሱም አላለም።

አልዳነም። እብጠቱ በግራ በኩል ተመለሰ፣ ከዚያ ደረቱ ውስጥ ገባ። ሐኪሞቹ መድኃኒቱን ለወጡ። ስንዴው ገና አረንጓዴ ሳለ ሞተ። በማግስቱ ቀበርነው።

ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው ሁሉ ምን አሞት ነው ይላል። እናቴ ነቀርሳ ትላለች። ሰውየው «ለነቀርሳማ መድኃኒት አለው እኮ!» ይላል። ከዚያ ዝም ይባላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሰው የሚያስበውን እሰማ ነበር።

በመጨረሻ ኦቦ ሁሴን ተናገሩት። ክፋት የለባቸውም። ሲያለቅሱ የዋሉ ሰው ናቸው።

«አቋርጦ ነው» አሉ። «አዲስ አበባ ሲመላለስ ክኒኑን ረስቶ ነው። ነቀርሳ የሚገድለው ያቋረጠውን ነው።»

እናቴ ቀና አለች። ከዚያች ሰዓት በኋላ ለቅሶዋ ሌላ ሆነ። ከአላህ የመጣ ነው ትል የነበረው ቀረ። ሰው እስኪወጣ እየጠበቀች ትጠይቀኛለች። መቼ ነው ያቋረጠው? አብረኸው ስትሄድ ሲውጥ አይተኸዋል? እኔ ሱቅ ስውል ማን አየው? ከዚያ የልጇን ዕቃዎች መፈተሽ ጀመረች። ፍራሹን ገለበጠች። ሱሪዎቹን አራገፈች።

አንድ ጠዋት የጃኬቱን ኪስ ስትፈትሽ አገኘኋት። መዳፏ ላይ ጥቂት ክኒኖች ነበሩ። ልክ እሱ ስንዴ እንደሚያይ ዘርግታ ነበር የምታያቸው።

«ይኸው» አለች። «ሳይውጥ ኪሱ ውስጥ ከቷቸዋል። ልጄ ራሱን ገደለ።»

ክኒኖቹን አውቃቸዋለሁ። ለማስታወክ የሚሰጡት ናቸው፤ ሲያቅለሸልሸው ብቻ ነበር የሚወስዳቸው። እስክድን አትናገር ብሎኝ ነበር። አሁን የሚድን የለም። ዝም ብል ግን ራሱን የገደለ ሰው ሆኖ ይቀራል፤ እናቴም ዕድሜዋን በሙሉ ኪስ ስትፈትሽ ትኖራለች። ተቀመጥኩ።

«አዮ፣ ነቀርሳ ሁለት ነው» አልኳት። «አንዱ ኦቦ ሁሴንን ያመማቸው ነው። ስሙ ቲቢ ነው። ሌላው ካንሰር ነው። በአማርኛ ሁለቱንም ነቀርሳ ይሏቸዋል። ከጀማል አንገት የወሰዷት፣ እኔ አዳማ ያደረስኳት ፍሬ የተናገረችው ካንሰሩ፣ ያኛው መሆኑን ነው።»

ክኒኖቹን በጣቷ አገላበጠቻቸው።

«ሽንቱስ? ቀልቶ አልነበረም?»

«የዚያኛውም መድኃኒት ያቀላል።»

«ኩባያውስ?»

ቀና ብዬ አየኋት።

«በኩባያ ይተላለፋል?»

«አይተላለፍም አዮ።»

«ጀማል ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

ክኒኖቹን ጨበጠቻቸው። እንደማታለቅስ አየሁ። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። የጠየቀችኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

«እንግዲያው አላቋረጠም?»

«አንድ ቀን እንኳ አላቋረጠም።»

ራሷን ነቀነቀች። ተነስታ ጃኬቱን አጠፈችው። ከዚያ በኋላ ኪስ ስትፈትሽ አላየኋትም።

በሳምንቱ ከሁሩታ አንዲት ዘመዳችን ዘግይተው ለቅሶ መጡ። ኦቦ ሁሴንም ተቀምጠው ነበር። ሴትዮዋ እንደ ሌላው ሰው ምን አሞት ነው ብለው ጠየቁ።

«ነቀርሳ» አለች እናቴ።

«ውይ! ለነቀርሳማ መድኃኒት—»

«ያኛው ነቀርሳ» አለች። «ኦቦ ሁሴን ታመው የዳኑት አይደለም። ከላይ አይታወቅም፤ መሃሉን ቆርጠው ነው ያወቁት። ልጄ ሕክምናውን አንድ ቀን አላቋረጠም።»

ኦቦ ሁሴን እናቴን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ቀስ ብለው «አላህ ይዘንለት» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠይቅ ከእናቴ ቀድመው «ያኛው ነው፣ ያኛው» የሚሉት እሳቸው ናቸው።

አሁን ለጀማል የገባሁትን ቃል በማፍረሴ አልጸጸትም። እሱ ቢኖር ምን ይል እንደነበር አላውቅም። ሰው ነቀርሳ ሲል ከሰማሁ የትኛው ነው እላለሁ፤ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ የማላውቀውን ሰው ሳይቀር ጠይቄያለሁ። ባዮፕሲ ታዘዘብኝ ብሎ የፈራ ሰው ካገኘሁም ስለ ጆንያው እነግረዋለሁ። የሚወጋው ስሙን ለማወቅ ነው እለዋለሁ። ስሙ ከታወቀ በኋላ ግን በደንብ ጠይቅ፣ ሁለት ጊዜ ጠይቅ እለዋለሁ።

ባለ ሰማያዊ ጠርዙ ኩባያ ከሌሎቹ ጋር ተመልሷል። እናቴ ጠዋት ጠዋት ሻይ የምትጠጣው በእሱ ነው። እሷ ሱቅ ቀድማ ከወጣች እኔ እጠጣበታለሁ። ጠርዙ አንድ ቦታ ላይ ተልጧል፤ ከንፈር ይነካል። የጀማልንም ይነካው ነበር ማለት ነው።